ሳላይ የነገርኩት ሰማይ

ማርች 9፣ ረቡዕ
ጠዋት የዶሮ ቤቱን ጠርጌ ስመለስ የሸሪፉ መኪና ደጃችን ቆሟል። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ያኔ ገባኝ። ላዲ፣ ልጄ... የሚያበረው አይሮፕላን ትናንት ምሽት ወጀብ ውስጥ ገብቶ፣ ከወንዙ ማዶ የበቆሎ ማሳ ላይ ወደቀ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።
የጫናቸው ጫጩቶች ግን ጥቂቶቹ በሕይወት ተገኙ አለ ሸሪፉ። ለምን ነገረኝ?

ማርች 10
ባሌ ቶማሽ እህል አልቀመሰም። ይናደዳል እንጂ አያለቅስም። “የሰማዩን ሁኔታ ሳይጠይቅ ተነሳ! ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ! ያ የሬዲዮ ድራማው ካፒቴን ነው ያበላሸው። እዚያ ሞተር ይጠፋል፣ ክንፍ ይሰበራል፣ ሰውየው ሁልጊዜ በሰላም ያርፋል!”
ያልነካውን ሳህን አነሳሁ።

ማርች 12፣ ቅዳሜ
ቀበርነው። አፈሩ ገና በረዶ ነው። ቶማሽ መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ “ግዴለሽ ልጅ” አለ። ሰው ሁሉ ሰማ። እኔም ሰማሁ... ዝም አልኩ። ጎረቤቴ አልቢና ከማዶ አየችኝና ዓይኗን ሰበረች።
ታውቃለች።

ማርች 14
ልጻፈው። ለሰው መናገር ካቃተኝ ልጻፈው።
ማክሰኞ ማታ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነበር። ቶማሽ በረት ውስጥ ላሞቹን ያልባል። የካፒቴን ኬል ድራማ በሬዲዮ ጀምሯል። ካፒቴኑ የማንም ተቀጣሪ ያልሆነ፣ ለጠራው ሁሉ የሚበር አብራሪ ነው። ላዲም እንደዚያው፣ በራሱ አሮጌ አይሮፕላን የሰው ዕቃ ያደርሳል። ወደዚህ ሲመጣ፣ ከመነሳቱ በፊት ይደውልልኛል። በረንዳ ወጥቼ ደመና የሚመጣበትን ምዕራቡን አይቼ እነግረዋለሁ። የሁለታችን ሥራ ነበር።
“ማማ፣ አምስት መቶ ጫጩት ጭኛለሁ። ሰማዩ እንዴት ነው?”
“ንጹሕ ነው።”
“ወጥተሽ አየሽ?”
“አየሁ አልኩህ! ካፒቴኑ ሞተሩ ጠፍቶበት ተራራው ፊቱ ተደቅኗል፤ አሁን አታስወራኝ!”
ሳቀ። “አይዞሽ፣ ያርፋል። እሱ ከሞተ ለድራማው የሚከፍሉት ነጋዴዎች ሳሙናቸውን ማን ያስተዋውቅላቸዋል?” ከዚያ ደግሞ፣ “ወይዘሮ አልቢና፣ ደህና ያምሹ። ሰዓትዎ ዛሬም ይጮኻል።”
ስልካችን ለስድስት ቤት አንድ መስመር ነው። አንዱ ሲያወራ ሌላው አንስቶ ያዳምጣል፤ አዳምጬ ነበር የሚል ግን የለም። ነውር ነው። አልቢናን የሚያሳብቅባት ከስልኳ አጠገብ የተሰቀለው የግድግዳ ሰዓቷ ነው።
ስልኩን ዘጋሁት። መስኮቱ ከጀርባዬ ነበር። መጋረጃውን እንኳ አልገለጥኩም።
ካፒቴኑ አይሮፕላኑን በሰላም አሳረፈ።

ማርች 15፣ ማክሰኞ
አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ። ሬዲዮውን ማንም አልነካውም።

ማርች 17
አልቢና ፕለም የተሞላ ጣፋጭ ዳቦ፣ ኮላች፣ ጋግራ መጣች። ሳህኑን ከእጇ ሳታወርድ፣
“ቦዜና፣ ስልኩ ላይ ነበርኩ” አለች።
በሃያ ዓመት ጉርብትና ይህን ስትል ሰምቼ አላውቅም።
“ሰማዩ በመስኮቴ ይታየኝ ነበር። ከሰል መስሏል። አንቺ ንጹሕ ነው ስትይው ሰማሁ። ‘ላዲ፣ አትነሳ’ ልል አፌን ከፈትኩ... ከዚያ ስልክ ታዳምጣለች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስሜን ጠርቶ ሰላም ሲለኝ እንኳ አልመለስኩለትም።”
“ሁላችንም እኮ እናውቃለን! ያ ሰዓትሽ...”
“ሰዓቴ ምን ሆነ?”
ለካ አታውቅም ነበር! ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን።
ስትወጣ፣ “ለቶማሽ ንገሪው” አለችኝ። “የሞተውን ልጅ አናስወቅሰው።”

ማርች 18፣ ዓርብ
በረት ሄጄ ነገርኩት። የሚያልብ እጁ ቆመ።
“ጠይቆ ነበር?”
“ሁለት ጊዜ።”
“አንቺስ?”
“አላየሁም። ሬዲዮ እያዳመጥኩ ነበር።”
አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ላሟን ሳይጨርስ ወደ መቃብሩ ሄደ። ይቅርታ ሊጠይቀው መሰለኝ። እራት ላይ አላናገረኝም። ልክ ነው... ምን ይበለኝ?

ማርች 20፣ እሑድ
በየጠዋቱ በረንዳ ወጥቼ ምዕራቡን አያለሁ። ለማን? ዛሬ ቶማሽ መጥቶ ከጎኔ ቆመ።
“እንዴት ነው?” አለ። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ።
ቶሎ አልመለስኩም። ደህና አድርጌ አየሁ። “ከወንዙ ማዶ ደመና አለ” አልኩት።
ይህን ደብተር ለሰው ብዬ አልጻፍኩትም። ግን ስሞት የሚከፍተው አይጠፋም። ማንም ሁኑ፣ ስለ ላዲስላቭ ኩቢክ ነፍስ አንድ ጸሎት አድርሱልኝ። ለእኔ ባትጸልዩም ግድ የለም። ብቻ ግዴለሽ ነበር አትበሉት። ጠይቆ ነበር።