የአክስቴ መታወቂያ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ግንቦት 6

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። አክስቴ ይህን በስልክ እንዳላወራ ስለከለከለችኝ፣ ነገ አንቺ ወዳለሽበት በምትበረው ነርስ እጅ እልክልሻለሁ።

ዘንድሮ ያለ መታወቂያ መምረጥ አይቻልም ተብሏል። ድሮ ሁለት ጎረቤቶች "እናውቃታለን" ካሉ ይበቃ ነበር። ሰሞኑን ልብስ መስፊያ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ጫማ ሰሪው "አርባ ዓመት እዚህ ስኖር ያላወቀኝ፣ ካርድ አይቶ ሊያውቀኝ ነው?" ይላል። መምህሩ ደግሞ "አንተን ማን ጠረጠረህ? በሰው ስም የሚመርጠውን ነው እንጂ" ይለዋል። እኔ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ እሰማለሁ። የገረመችኝ አክስቴ ናት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል "ደንቡ ልክ ነው፤ ስም እንደ ጃንጥላ አይዋዋሱትም" አለች። እኔን መርፌው ወጋኝ።

ለውጭ አገሩ ሥራ ዕድሜሽ አልፏል ሲሉሽ መታወቂያዋን ከመሳቢያ አውጥታ የሰጠችሽ እኮ እሷ ናት። ታዲያ ለምን እንዲህ አለች? እንዳይጠረጥሯት ነው? ወይስ ከልቧ? ብጠይቃት "ክሩን አቀብይኝ" አለችኝ።

ትናንት ልትመዘገብ አብረን ሄድን። መዝጋቢዋ አክስቴ የሰርግ ቀሚሷን የሰፋችላት ጎረቤታችን ናት።

"እትዬ፣ እኔማ አውቅሻለሁ፤ ደንቡ ግን ካርዱን እይ ይላል።"

"ጠፍቶብኛል።"

"ታዲያ ምን ችግር አለ? ይህን ፎርም ሙዪ፤ በሳምንት አዲስ ይሰጡሻል።"

"አሮጌውስ?"

"እሱ ይሰረዛል።"

አክስቴ ስሟን ጽፋ ጨርሳ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ፎርሙን አጠፈችው። "እስቲ ቤት ልፈልገው፤ የት ይሄዳል" አለች። መምረጥ ከጀመረች ወዲህ አንድም ምርጫ አምልጧት አያውቅም። መንገድ ላይ ግን ስለ አንድ የተበላሸ ዚፕ ብቻ አወራችኝ።

እማ፣ እዚያ በስሟ ሲጠሩሽ ቶሎ "አቤት" ትያለሽ? ወይስ መጀመሪያ ዞር ብለሽ እሷን ትፈልጊያለሽ? ይህን ሁሌ አስባለሁ፤ ማንን እንደምጠይቅ ግን አላውቅም።

ነርሷ የምትፈልግሽ በአክስቴ ስም ስለሆነ ፖስታው ላይ እሱን ጻፍኩ። አክስቴ በትከሻዬ በኩል አየችኝ። "ለእኔ ነው እንዴ? ልክፈተው?" ብላ ሳቀች። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ስሟን ቆማ አነበበችው። "በደንብ አሽጊው" አለችኝ።

ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ፤ እንደ ወጣሽ በሰላም ይመልስሽ።

ልጅሽ