ስምህ ዝርዝሩ ላይ ያልነበረበት ምክንያት

ኦሪን፣

ነገ ከሆስፒታል ትወጣለህ ብለውኛል። ሾርባ ሠርቻለሁ፤ መንጋጋህን በሽቦ አስረውታል ስላሉኝ አቅጥኜዋለሁ፣ በስትሮ ጠጣው። ፍሪጅ ውስጥ ያለውን የወተት ብርጭቆ ግን እንዳትነካው። ውስጡ ያሉት ሁለቱ የወለቁ ጥርሶችህ ናቸው፤ ወተት ያቆያቸዋል ሲሉ ሰምቼ ነው፤ ሳሩ ውስጥ ተንበርክኬ ነው የለቀምኳቸው።

ግሪን ሃውሱ ውስጥ ያሉትን ተክሎቻችንን አጠጥቻለሁ። ከነገ ጀምሮ ያንተ ሥራ ነው።

ያቺ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ልንሸጥ የሄድንበት የገበሬዎች ትርኢት ሜዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ካናቢሳችንን ስታሽግብን ዓይኔ ደም ለበሰ። "ካናቢስ የመሸጥ ፈቃድማ አላችሁ፤ የሻጮቹ ዝርዝር ላይ ግን የኦሪን ስም የለም። ትርኢቱ ሊከፈት ሦስት ቀን እስኪቀረው ስሙ ያልተላከልን ሰው እዚህ አይሸጥም" አለች። የሻጮቹን ቅጽ ሳትፈርም የቀረህ መሰለኝ። ወረቀት ላይ ሰነፍ ነህ፤ አይደለሁም እንዳትለኝ።

ከድንኳኑ ጀርባ የካስማውን ብረት ነቅዬ ፊትህ ላይ ሳሳርፈው፣ ወድቀህም ስደግምህ፣ "ፈርሜ ሰጥቼሃለሁ እኮ፣ ክሌት!" ትል ነበር። ሦስተኛው ምት ላይ ራስህን ሳትክ። እጅህን አንዴም አላነሳህብኝም።

ፈርመህ ሰጥተኸኛል።

ቅጹ ዛሬ ጠዋት ከመኪናዬ ፀሐይ መከላከያ ላይ ሾልኮ ጭኔ ላይ ወደቀ። ልልከው ሰክቼው ረስቼዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ አለልህ፤ የፈረምክበትን ቀን እየው።

ብረቱን አላጠብኩትም። ከነደሙ ይዤው ወደ ሸሪፉ ፖሊስ ጣቢያ እጄን ልሰጥ ልሄድ ነው።

ነርሷ ስደውል "ጓደኛህ ከመሰላል ነው የወደቅኩት እያለ ነው" አለችኝ።

እኛ ቤት መሰላል የለም፣ ኦሪን።