ዋሴ የተሸከመው ድንጋይ

መጋቢት 2
የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ስብሰባ። አለቃችን አቶ ላቀው «የሕፃናት ጥቃት የሁላችንም ጉዳይ ነው» ሲል አረፈደ። የሁላችንም የሆነ ነገር የማንም አይደለም...

ከሰዓት ጉዳይዋን የያዝኩላትን ትንሿን ብርቄን ልጠይቃት ሄድኩ። አክስቷ ካሣነሽ ዘንድ ናት። የእንጀራ አባቷ ዋሴ በጅራፍ የገረፈው ጀርባዋ ደርቋል። አፏ ግን አልተፈታም። ከመጣች ወዲህ አንድ ቃል አልሰማሁም።

መጋቢት 5
ላቀው ጠራኝ።
«ሽማግሌ ሊያስታርቅ ነው። ልጅቷ እናቷ ቤት ትመለስ።»
«ፖሊስስ?»
«እርቅ ካለ ፖሊስ ምን ያደርጋል?»

ጀግና። ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ የሠለጠነው ለዚህ ነው? የሥልጠናውን ቦርሳ ግን ከትከሻው አያወርድም።

መጋቢት 9
ንፋስ መውጫ ገበያ ዋሴን አገኘሁት። ነጠላ አጣፍቶ፣ ጾመኛ መስሎ። «እንዴት ነሽ እኅቴ?» እኅቴ... የት ተወለድን?

ካሣነሽ ፈርታለች። «ሽማግሌ እንቢ ብል አገር ይጠላኛል።» ታዲያ ይጥላሽ።

መጋቢት 15
እሑድ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ።

ወጉ ይታወቃል። በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ያጎነብሳል፤ ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያወርድለታል። ካላወረደለት እርቅ የለም። ሽማግሌዎቹ ግን «እናቷ ታውርድለት» አሉ። ብልጦች።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ጥግ ላይ ነበሩ። ቤተ ልሔም ደብር ድጓውን፣ የዜማውን ትምህርት፣ ጨርሰው ያስመሰከሩ ናቸው ይባላል። ያንቀላፉ መስሎኝ ንቄያቸው ነበር።
«የተገረፈችው እናትየዋ ናት?» አሉ።

ብርቄን አቆሟት። «በይ ልጄ፣ አውርጅለት» ይላል ሁሉም። ልጄ... ስትገረፍ የት ነበራችሁ?

እጇን ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገች። ድንጋዩን የተሸከመው ዋሴ ወደ መሬት ይጎብጥ ጀመር። ላቀው «ሕፃን ናት እኮ፣ እኔ ላውርድለት» ብሎ ተነሣ። እንዴት ያለ ደግ ሰው! መሪጌታ በመቋሚያቸው መንገዱን ዘጉት።
«ተው። ያልተገረፈ ይቅር አይልም። ድንጋዩ አልወረደም፤ እርቅም የለም። ልጅቷ ካክስቷ ዘንድ ትቆይ፣ እሱን ሕግ ይየው።»

ዋሴ ድንጋዩን ራሱ ጣለው። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

መጋቢት 18
ላቀው ጉዳዩን ለፖሊስ መራ። ከመጀመሪያው ያሰበበት አስመስሎ ቢሮ ለቢሮ ያወራል። ያውራ።

ብርቄን አክስቷ ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት ላዛውራት ይዣት ሄድኩ። መንገድ ላይ እጄን ሳብ አደረገችኝ።
«ድንጋዩ ከብዶታል?»

ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም።
«አዎ። ከብዶታል።»
«እሰይ» አለች።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ በር እስክንደርስ አፏን አልዘጋችም።