አምስተኛዋ ተማሪ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ደረስኩ። ወገቤ ግን አውቶብሱ ውስጥ ቀርቷል። ለተግባር ልምምድ ሰሜን ተመደብሽ ሲሉኝ ጓደኛዬ "ብርድ ነው እንጂ ሰዉ ደግ ነው" ብላኝ ነበር። ስለ ብርዱ እውነቷን ነው። ሰዉን ገና አላየሁትም።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው። የፊዚዮቴራፒው ክፍል የሚባለው የክትባት ፍሪጅ፣ አንድ የተሰበረ ወንበርና እኔ ነን። በሽተኛ እየተደገፈ መራመድ የሚለማመድባቸው ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች ላይ እርጥብ አንሶላ ተሰቅሏል። ነርሷን፣ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት፣ "ይኼ እኮ የሕክምና ዕቃ ነው" አልኳት።

"አንሶላውስ የምን ይመስልሻል?"

ስድስት ሳምንት... እንዴት ነው የሚያልቀው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ሲስተር ቤት ለቤት ይዛኝ ዞረች። መጨረሻ ላይ አንድ ቀለም ቀቢ ጋ ገባን። ስትሮክ ከመታቸው ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዝም። ምላሳቸው ግን... ከጤነኛም በላይ።

"ስንተኛዋ ናት?" አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው።

"አምስተኛ" አሉ እትዬ።

"የመጀመሪያዋ ኳስ ጨብጥ አለችኝ። ሁለተኛው ኳሱን ጣለው አለኝ። ሦስተኛዋ አልቅሳ ሄደች። አራተኛው ሊያቆመኝ ሲል ጊዜው አለቀ። አንቺስ ምን ይዘሽ መጣሽ?"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ከሁሉ በላይ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው፣ ክፍል ውስጥ እንደተማርነው። "ሽንት ቤት ብቻዬን መሄድ" አሉ። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ነው። እትዬ ናቸው ታቅፈው የሚያደርሷቸው፣ በዚያ በሚያማቸው ወገብ። "ዕድሜዬን ሙሉ መሰላል ጫፍ ላይ የቆምኩ ሰውዬ..." ብለው ተዉት።

"ሳልሄድ ብቻዎን ይሄዳሉ ጋሼ" አልኳቸው። ምን አቀበጠኝ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ቆሙ! ክንዳቸውን ይዤ፣ ጉልበታቸውን በጉልበቴ ደግፌ... ቆሙ። እትዬ እልል ሊሉ ሲሉ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጋሼ ግድግዳውን ዙሪያውን ቃኙና "ከዚህ ሲታይ ቀለሙ እንዴት ያስጠላል!" አሉ። የቀቡት ራሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ዝናብ። ልብስ አጠብኩ፣ አልደረቀም። እማዬ ደወለች። "በልተሻል?" ከማለቷ ኔትወርኩ ሄደ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

በሩ ድረስ ሄድን። ክንዴን እንደያዙ ነው፣ ግን ሄዱ። ሲስተር "ሠራሽ እኮ" አለችኝ። ከሷ አፍ ይኼ ሽልማት ነው። ኩራት ኩራት አለኝ...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ሽንት ቤት ደረስን! እዚያ ድረስ ደግፌ ወሰድኳቸው፣ ከዚያ ፊቴን አዙሬ ውጪ ቆምኩ። ከውስጥ "ራቅ በይ! ደግሞ ዝም ብለሽ አትቁሚ፣ ዝፈኚ!" አሉኝ። ዘፈንኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየኝ። ይየኝ!

ዓርብ፣ ኅዳር 28

ጉንፋን ጥሎኝ ሰንብቼ ዛሬ ሄድኩ። ጋሼ አልጋ ላይ ናቸው። ማክሰኞ ካስተኛኋቸው ወዲህ አልተነሱም።

"አንቺ ካልመጣሽ አልነሳም አለኝ" አሉ እትዬ። "ልያዝህ ስለው አታውቂበትም ይለኛል። ተሸክሜው ሰነበትኩ።"

ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱ ላይ ወጥቼ ለመምህሬ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። "እጅሽን መቼ ነበር የምታነሺው?" አለኝ። "ሚስትየውንስ አሠልጥነሻል?"

አላሠለጠንኩም። እትዬ ጎኔ ቆመው ያዩ ነበር፣ ወንበር ያቀብሉኝ ነበር፣ በቃ። በኔ ክንድ መራመድ ነው ያስተማርኳቸው። ክንዴ ደግሞ ታኅሣሥ 12 አብሮኝ ይሳፈራል። ደደብ! ደስ አለኝ ብዬ... ደስታው አሳወረኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ከክሊኒኩ ምርኩዝ አመጣሁ። ለግራ እጃቸው። እትዬን የት እንደሚቆሙ፣ በየት በኩል እንደሚይዙ አሳየኋቸው። ጋሼ ቆሙ። እጄን ቀስ ብዬ ላላ አደረግኩ።

"ያዢኝ።"

"እትዬ ይዘውዎታል እኮ..."

"ያዢኝ አልኩሽ!"

ለቀቅኩ። ወደቁ። እትዬንም ይዘዋቸው ወደቁ።

"እኔን!" አሉ እትዬ፣ ከታች ሆነው። ለራሳቸው አይደለም፣ ለጋሼ ነው። ጋሼ ትከሻቸው በለዘ እንጂ አልተሰበሩም። እትዬ ግን ልነሳ ሲሉ ወገባቸው እምቢ አለ። ሁለቱም መሬት ላይ። ማንን ላንሳ? አንዱንም ማንሳት አቃተኝ። በር ላይ ወጥቼ የሰው ያለህ ብዬ ጮህኩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3

"አልቆምም" አሉ ጋሼ።

"ነገስ?"

"ነገም።"

እትዬ ወገባቸውን በሻሽ አስረው ግድግዳ እየያዙ ነው የሚሄዱት። ሲስተር ማስታገሻ ሰጠቻቸው፣ ሰው ማንሳትን ከዛሬ ጀምሮ ይርሱት አለች። እሳቸው እኔን ቁርስ በላሽ ወይ ይሉኛል! ቢሰድቡኝ ምናለበት?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ዳገቱ ላይ ወጣሁ። ጥቂት ሳምንት ጨምሩልኝ ብዬ ትምህርት ቤቱን ለመንኩ። "ፈተና አለብሽ።" እሺ፣ ሌላ ተማሪስ? "በዚህ ዓመት ወደዚያ የምንልከው የለም።"

ሲስተርን "አንቺ ብትከታተያቸውስ?" አልኳት። አልተቆጣችም።

"በየትኛው እጄ?" አለችኝ።

በሩ ላይ እናቶች ልጅ ታቅፈው ተሰልፈዋል። ምን ትበል? ጋሼ ጋ ሄጄ ለመንኳቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማን ጋ ልሂድ? የምሄድበት የለም። አለቀስኩ፣ እንደ ሦስተኛዋ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12

ልሰናበት ሄድኩ። ከአልጋው አጠገብ አዲስ ፖፖ ተቀምጧል። ሰማያዊ። እትዬ እንዳላይ ፎጣ ጣል አደረጉበት። አየሁት።

በቀኛቸው በኩል ነው ያደረጉት፣ በማይታዘዘው እጅ። በግራ በኩል ግድግዳ ነዋ። "ይኼ አይሆንም" አልኩ። ሮጬ ሲስተርን አመጣኋት። ጋሼን ወንበር ላይ አስቀምጠን አልጋውን አዞርነው። ፖፖውን በደህናው እጃቸው በኩል አደረግኩት፣ ወደ ራስጌው ግድግዳ አስጠግቼ፣ እንዳይገለበጥ። መልሰን ስናስተኛቸው እጃቸውን ዘርግተው ሞከሩት። ደረሰ። የሠራሁት ይኼን ነው።

"ልጄ፣ አትቀየሚኝ" አሉኝ ጋሼ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። "ባትመጪ ይሻለን ነበር። እሷ ይዛኝ ትወጣ ነበር እኮ። ቢያንስ ውጪ ነበር የምሄደው።"

እትዬ "ተው እንጂ! ልጅቷ ምን አደረገች?" አሏቸው።

ይቅርታ ልላቸው ወደ አልጋው ጠጋ አልኩ። ሲስተር ቦርሳዬን አንስታ "አውቶብሱ ያመልጥሻል" አለች። ወጣሁ።

አሁን አውቶብሱ ውስጥ ነኝ። መምህሬ መልእክት ልኳል፣ ልምምዱን አልፌያለሁ።