እንደገና የሚያያዝ ጎማ

ይድረስ ለወንድሜ ለዓወል፣ ምሥራቅ ጀርመን

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድም ጋሼ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ፤ ግን አልሆነም።

ዓምና የመከርከኝን ይዤ ከሥራ ባልደረባዬ ከፊዚክስ መምህሩ ከብርሃነ መስቀል ጋር በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ስደክም እንደከረምኩ ታውቃለህ። ጎማ በድኝ ከበሰለ ይጠነክራል፤ ሲቀደድ ግን እንደ ፕላስቲክ ቀልጦ ዳግም አይሠራም፣ ይጣላል። አንተ፣ ድኙ ጎማው ውስጥ የሚፈጥራቸው ትስስሮች ሲግሉ ተላቀው ሲበርዱ መልሰው የሚያያዙ ቢሆኑስ አልከኝ። የድኙን መጠን እየለዋወጥኩ፣ ጣቶቼን እያቃጠልኩ፣ በመጨረሻ ተሳካልኝ። ከዚሁ ጎማ የሠራሁትን የጫማ ሶል ቆራርጬ በጋለ ካውያ ተጫንኩት፤ ሲበርድ አንድ ወጥ ሆነ። ብርሃነ መስቀል በሁለት እጁ ቢጎትተው አልበጠስ አለው። እንደ ሕፃን ዘለልን።

ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ሲቀርብ ግን ብርሃነ መስቀል መድረክ ላይ ወጥቶ "እኔ የሠራሁት ነው" አለ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? ሲወርድ በር ላይ ጠብቄ "ምን ነካህ?" አልኩት። ዓይኑን ሰበረና "መሊካ፣ በኔ አትፍረጂ። ‘በሴት ስም ከቀረበ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ አንተው ያዘው’ ብሎ የጻፈልኝ ወንድምሽ ነው" አለኝ።

ዋሾ ብዬው ሄድኩ። በማግስቱ መጥቶ በእመቤታችን ማለልኝ። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገብቼ ሥራው የኔ ነው ብል ሳቀብኝ። አንተም ከመስከረም ወዲህ ድምፅህ ጠፋ። አባታችን ከትምህርት ሊያስቀረኝ ሲል ፊቱ ቆመህ "ከኔ በምን ታንሳለች?" ያልክ አንተ አልነበርክም? ብርሃነ መስቀል ባዳ ነው፣ ይረሳል። አንተን ግን የት ልጣልህ?

ባለፈው ሳምንት ጎማዬን ይዤ አሊዩ አምባ ወረድኩ። የአጎታችን የፈረጅን የተበጠሰ በረባሶ በከሰል ካውያ ገጠምኩለት። እስከ ገበያው ሄዶበት ተመለሰ፤ ለሰው ሁሉ እግሩን እያነሳ ያሳያል።

አጎታችን ፈረጅ ሰላም ይልሃል። እህታችን ሰሊሃ ከነልጆቿ ሰላም ትልሃለች። እማዬ በረባሶውን አገላብጣ አየችና "ይህን ያስተማረሽ ወንድምሽ ነው? እህቱን ያልረሳ ልጄን አላህ ይጠብቅልኝ" ብላ መረቀችህ። አሚን አልኩ። እውነቱን እኔ አልነግራትም፤ አንተው ጻፍላት።

እህትህ መሊካ
ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 12 ቀን 1975 ዓ.ም.