የወንድሜ ቦታ በወናፉ

ደብረ ታቦር፣ የካቲት ፲፪፣ ዘመነ ማርቆስ

አያ ተሰማ፣ ትናንት ቀበርንህ። ንጉሡ መድፍ የሚሠራ ሰው ቢያጡ ያን ፈረንጅ ሾሙት፤ እርሱ ግን በአገሩ ግንበኛ ነበር። «ጌታዬ፣ ናሱ የሚፈስበት ሸክላ አልደረቀም» ብትለው፣ «ጠንቋይ ነህ እንዴ? ወናፍህን ንፋ» አለህ። የቀለጠው ናስ እርጥቡን ሲነካ ፈንድቶ ገደለህ። እርሱ እጁ እንኳ አልተለበለበም።

የኔታ «በቀል የእግዚአብሔር ነው፤ ዳዊትህን ድገም፣ ልጄ» አሉኝ። «እሺ፣ የኔታ» አልኋቸው፤ ልቤ ግን እሺ አላለም። ፈረንጁ የሚከበረው እኛ ሙያውን እስክናውቅ ድረስ ነው። ሥራውን አጠገቡ ሆኜ እያየሁ ተምሬ፣ ሸክላውን በደንብ አድርቄ፣ በንጉሡ ፊት ደኅና መድፍ አወጣለሁ። ያን ጊዜ ማን ይፈልገዋል?

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ተነሣሁ። የኔታ ዘንድ ለትምህርት አልሄድሁም። መድፉ ወደሚሠራበት ወደ ጋፋት ወርጄ ፈረንጁን እጅ ነሣሁና በአንተ ቦታ ወናፉ ላይ ተቀመጥሁ።