ከድልድዩ ወዲህ የቀረው አባባ

ለታላቅ ወንድሜ ለዩን፣

እንደምን ከርመሃል? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህ እንዴት ሆነ? ሱቁስ፣ ሚስትህስ፣ ልጆቹስ? እናንተ ጋ፣ ባሕር ማዶ ፓራማሪቦ ላይ ዝናቡ በርትቷል ሲባል ሰምቼ የሱቅህ ጣሪያ እንደገና አፍስሶ ይሆናል እያልኩ ስጨነቅ ነበር። እኔ ደኅና ነኝ፤ ቢያንስ እበላለሁ፣ ሥራም እሄዳለሁ። ባለቤቴ ሩርድም ደኅና ነው፣ ሰላም በይልኝ ብሏል። እማዬ ግን ደኅና አይደለችም፤ ይህን ወረቀት ያስጻፈኝም የእሷ ነገር ነው። ስልክ ስደውል ሚስትህ ሁልጊዜ "ዕቃ ቤት ገብቷል" ትለኛለች። ከጀርባዋ ሆነህ ስታስል ይሰማኛል። ሳልህ ቁርጥ የአባባን ሳል ነው፣ በዚያ አትደበቅም። ስለዚህ ስልኩን ትቼ ልጽፍልህ ወሰንኩ። እኔና አንተ የምንጻጻፈው እንደ ድሮው በሆላንድኛ ነው፤ አባባ ቢያየው ኖሮ "የእኔ ልጆች ናቸው እነዚህ?" ብሎ ይስቅብን ነበር።

አባባን የቀበርንበት ቀን እንዴት እንደዋለ ማንም አልነገረህም። ልማዱን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። አስከሬኑ ድልድይ በተሻገረ ቁጥር የበኩር ልጅ አጠገቡ ሆኖ "አባባ፣ ድልድይ ላይ ነን፣ አትፍራ፣ ተከተለን" ይለዋል። ካልተነገረው ነፍሱ ውሃውን ስታይ ትደነግጥና ከወዲህ ማዶ ትቀራለች። ቻይና በአባባ መንደር የነበረው ድልድይ አንድ ነው፣ እሱም የእንጨት። እዚህ ስኔክ ግን ከቤታችን እስከ መቃብሩ ዞር ባልክ ቁጥር ድልድይ ነው። እማዬ "ወንዱ ከሌለ ሴቷም ትጠራለች፣ አንቺ ነሽ ያለሽው" አለችኝና ከሬሳ መኪናው ሹፌር ጎን ተቀመጥኩ።

አባባን በምን ቋንቋ ልጥራው? እማዬን የሚያወራት በእሷ ቋንቋ፣ በተሰባበረ ካንቶንኛ ነበር፤ የራሱን ቋንቋ ሃካን ላንተ ነው ያስቀመጠው። አንተ ከልጅነትህ በምግብ ቤታችን እሳት ፊት ከእሱ ጋር ስለቆምክ ቋንቋውን ከዘይቱ ሽታ ጋር ወሰድከው። እኔን "ሆላንድኛዋ ያማረ ነው" ብለው ባንኮኒው ላይ አቆሙኝ። ወደ ወጥ ቤት የነበረችኝ መንገድ ያቺ ምግብ የምንቀበልባት ትንሽ መስኮት ናት። ሃካ የተማርኩት በእሷ በኩል ነው፣ ያውም የምግብ ትእዛዝ ብቻ። ስለዚህ ከቀብሩ በፊት ክሮኒንገን ላሉት ለአባባ የአገር ልጅ ለጋሽ ላው ደውዬ ቃሉን በሃካ ያስጠኑኝ ጀመሩ። ስደግምላቸው "ልጄ፣ አፍሽ የፈረንጅ ነው። ግን አባትሽ ነው፣ ይታገስሻል" አሉኝ።

የመጀመሪያዎቹን ድልድዮች እንዳስጠኑኝ እየተናገርኩ አለፍኳቸው። ጥሩ እየሄድኩ ነበር፣ እውነቴን ነው። ትልቁ ድልድይ ጋ ስንደርስ ግን ቀይ መብራት በራና መዝጊያው ወረደብን፤ ድልድዩ ጀልባ ሊያሳልፍ ተነሳ። ነሐሴ አልነበር? የዚህ አገር በጋ አይደል፣ ሰዉ ሁሉ በጀልባ ሽርሽር ላይ ነው። ባለ ሸራዎቹ አንድ በአንድ እየተንቀራፈፉ ሲያልፉ፣ በቁምጣ ያሉ ሰዎች አይስክሬማቸውን እየላሱ የአባባን ሳጥን ያያሉ። ሹፌሩ ቆቡን አውልቆ "ይቅርታ እመቤቴ፣ በጋ ላይ እንዲህ ነው" አለኝ።  በተቀመጥኩበት ቃሉ ከአፌ እየተነነ ሲሄድ ይታወቀኛል፤ ላስቆመው ብሞክርም እምቢ አለኝ።

ድልድዩ ወረደ። ከኋላችን ያሉት መኪናዎች ጥሩምባ ነፉ፣ ሹፌሩም ዞር ብሎ አየኝ። አፌን ስከፍት በሃካ የወጣው ምን መሰለህ? "ሁለት የተጠበሰ ሩዝ! አንድ ሾርባ! ቶሎ በል፣ ሰው እየጠበቀ ነው!" ቅዳሜ ማታ ቤቱ ሲሞላ በምጮኸው በዚያ ድምፅ። ሹፌሩ ጸሎት መስሎት አንገቱን ደፋ። እኔም ማልቀስ ወይም መሳቅ አቃተኝና መቃብሩ ድረስ ዳግም ሳልጠራው ሄድኩ።

ማታ እማዬ "ትልቁ ድልድይ ላይ ምን አልሽው?" ብላ ጠየቀችኝ። ውሸት አይሆንልኝም፣ ታውቀኛለህ። እንዳለ ነገርኳት። ከዚያ "እንግዲያው ወደ ወጥ ቤቱ ተመልሷል። አባትሽ ትእዛዝ ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አልነበረም" አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አትቀልድም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ሲመሽ ወደ ወጥ ቤት ትወርድና ምድጃውን ትለኩሳለች። ትልቁን መጥበሻ ጥዳ የአትክልት ሣጥን ገልብጣ ትቀመጣለች። "እሳት ከሌለው በምን ያበስላል? ብቻውን እንዴት ትቼው ልሂድ?" ትላለች። በካንቶንኛ ታወራዋለች፤ አይመልስልኝም ብላ ታለቅሳለች። "እማዬ፣ በሕይወቱስ መቼ ይመልስልሽ ነበር?" ብላት በመወልወያ ጨርቅ መታችኝ። ሩርድ ጋዙን ዘጋባት፤ እሷ መልሳ ከፈተችው። ባለፈው ሳምንት እዚያው ተቀምጣ እንቅልፍ ጥሏት የእጅጌዋ ጫፍ እሳት ያዘ። ጎረቤት ጭሱን አይቶ ባይገባ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር። አሁን ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ በግራ እጇ ነው የምትለኩሰው።

ሌላ ከተማ ወዳለው ቤቴ ወስጃት ነበር። በማግስቱ በባቡር ተመልሳ ሄደች። ምግብ ቤቱን የገዙት ከቻይና ዌንጆ የመጡ ሰዎች ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ ቁልፍ ይፈልጋሉ። ደጎች ናቸው፣ እንቁላልና ብርቱካን ያመጡላታል፤ ግን የእነሱ ቻይንኛ ለእኛ ጭራሽ አይገባም፣ የእኛም ለእነሱ። በመጨረሻ ሁላችንም በሆላንድኛ እንነጋገራለን። ባለ ዳቦ ቤቷ ሴትዮ "የአንድ አገር ሰዎች አይደላችሁም እንዴ?" እያለች ትስቅብናለች። "ይቅርታ አድርጉልን፣ አባቴ ወጥ ቤት ውስጥ ስላለ ቁልፉን መስጠት አንችልም" የሚለውን ግን በሆላንድኛም እንዴት እንደምላቸው አላውቅም።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። ጋሽ ላው ራሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው መጡልኝ። ከወጥ ቤቱ በር ጀምረው እስከ ድልድዩ ድረስ ባማረ ሃካ እየጠሩት ሄዱ፤ እኔ እንኳን ደስ አለኝ። እማዬ ግን "ላውን መቼ አምኖት ያውቃል? ማጆንግ ጨዋታ ላይ ያጭበረብረኛል ይል አልነበር? ለእሱ ብሎ ምድጃውን አይተውም" ብላ ወደ ሣጥኗ ተመለሰች። አንተ ድምፅህን በቴፕ ቀድተህ ብትልክልን ብላትም "ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮ ከፍቶ ነው ያበሰለው፤ ዘፈን መስሎት ሥራውን ይቀጥላል" አለችኝ። የሚሰማው የበኩር ልጁን ድምፅ ነው፣ ልጁም ከአጠገቡ መራመድ አለበት። ሌላ አትቀበልም።

ዩን፣ እኔ በዚህ ነገር አምናለሁ ወይ ብለህ አትጠይቀኝ። ሥራ ቦታ ስሆን አላምንም። እዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ባዶው መጥበሻ ሲግል ሳይ ግን በመስኮቷ በኩል ማየት ያስፈራኛል። ከአባባ ጋር የተጣላችሁ ጊዜ አንተ "ራሱ አፉን ከፍቶ ካልጠራኝ ደጁን አልረግጥም" ብለህ ሄድክ። እሱም "ልጅ ነው አባቱን የሚጠራው" ብሎ ቀረ። በሁለታችሁ መካከል ዓመታት ሙሉ ሰሃን ሳቀብል ኖርኩ፣ አሁን ግን የማቀብለው ነገር አለቀብኝ። ብርዱ ሊገባ ነው። ያቺ ሴት በአንድ እጇ እሳት እየለኮሰች ክረምቱን አትወጣውም። እለምንሃለሁ፣ ናና አሻግረው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሆስፒታል በመጨረሻው ጠዋት አባባ ዓይኑን ገልጦ ብዙ ተናገረ፣ በሃካ። ከመካከሉ ስምህን ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ነርሷ "ምን ይላል?" ስትለኝ "አላውቅም" አልኳት፤ እሷም ልጁ አይደለሽም እንዴ በሚል ዓይን አየችኝ። ጠርቶህ ይሁን ረግሞህ ልነግርህ አልችልም። ጠራህ ብዬ ልዋሽህና ላስመጣህ አስቤ ነበር፣ አላደረግኩትም። የቃሉን ድምፅ ግን ሳይገባኝ በቃሌ ይዤዋለሁ። ለጋሽ ላው እንኳን አላሰማሁም፣ ያንተ ነው ብዬ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እንዳይጠፋብኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እደግመዋለሁ። ስትመጣ አፌን ከፍቼ እሰጥሃለሁ፤ ትርጉሙን አንተ ታውቃለህ።

ለሚስትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ዕቃ ቤት ነው ባለችኝ አልተቀየምኳትም በላት። ለአማትህም እጅ ነስቻለሁ። ትልቁን ልጅህን ቪኬትን ሳምልኝ፤ ሃካ አቀላጥፎ ይናገራል አሉኝ፣ እሰየው፤ አንተንስ ድልድይ ላይ የሚጠራህ አለ። ትንሿን ሊየንንም አክስትሽ ትወድሻለች በላት። እማዬ ሰላም አላለችህም፤ ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን ስታይ ግን "ሹራብ ይዞ ይምጣ፣ እዚህ ይበርዳል" ብላለች።

ቶሎ ና፣ ወንድሜ። ዛሬ ጠዋት ስደግመው መጨረሻው ጠፋብኝ።

እህትህ ሱክ ዪን
ስኔክ፣ ሆላንድ
ኦክቶበር 13 ቀን 1996